ፕሮግራሙ ለምን ይቋረጣል? የኦክላሆማ ቴሌቪዥንና የአውሎ ነፋሱ ወቅት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ኦክላሆማ ከሚኖሩ ወይም በዚያ ከሚያልፉ አንባቢዎቻችን ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከቨርጂኒያ ወደ ሙር፣ ኦክላሆማ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ቴሌቪዥን ማየት አቃተን። ድራማው መሃል ላይ ይቋረጥና አንድ ሰው ካርታ ፊት ቆሞ ለሰዓታት ያወራል። ማስታወቂያ እንኳን አያስገቡም። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ለዝናብ ነው?» ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ጌሪ ኢንግላንድ ስለሚባል የአየር ሁኔታ አቅራቢ እንደ ዘመዳቸው ነው የሚያወሩት። ሰውየው ማነው? ጣቢያዎቹስ ለምን እንዲህ ይሆናሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባችሁ። ለዝናብ አይደለም። የምትኖሩባት ሙር በ1999 እና በ2013 በቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመና ወደ መሬት በሚወርድ ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ፣ ክፉኛ የተመታች ከተማ ናት። ጎረቤቶችሽ ውስጥ ቤቱ ከነመሠረቱ ሲጠረግ ያየ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው በሕይወት የተረፈው ቴሌቪዥን ላይ የተነገረውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ባልደረቦችሽ አቅራቢውን እንደ ዘመድ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። ኤፕሪል 9 ቀን 1947 ምሽት ላይ ዉድዋርድ በምትባል የሰሜን ምዕራብ ኦክላሆማ ከተማ ላይ ቶርኔዶ ወረደ። እዚያች ከተማ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ዝም የተባለው ደግሞ ባለማወቅ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ ቢሮ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ትንበያ ላይ ቶርኔዶን መጥራት ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ሕዝቡ ይሸበራል የሚል ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ እንዴት ሳያውቅ እንዲሞት ይደረጋል?

ክልከላው መላላት የጀመረው እዚያው ኦክላሆማ ሲቲ አጠገብ በተፈጠረ ነገር ነው። ማርች 20 ቀን 1948 ቲንከር የተባለውን የአየር ኃይል ሰፈር ቶርኔዶ መታው። አውሮፕላኖች ተሰባበሩ፣ የጉዳቱ ግምት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የሰፈሩ አዛዥ ለሁለት የአየር ጠባይ መኮንኖች፣ ለሻለቃ ፎውቡሽ እና ለሻምበል ሚለር፣ ይህ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ እንደሆነ አጥኑ አላቸው። ሁለቱ የድሮ ካርታ ሲያገላብጡ ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን፣ ማርች 25፣ የዕለቱን ካርታ ሲያዩ ያው የዚያን ቀኑ ዓይነት ሆነባቸው። እየፈሩም ቢሆን ቶርኔዶ ሊመጣ ይችላል ብለው ጻፉ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፣ የሚታሰረው ታሰረ። ማምሻውን ቶርኔዶው በእርግጥም መጣና ያንኑ ሰፈር መታው። በዘመናዊ ታሪክ የመጀመሪያው የተሳካ የቶርኔዶ ትንበያ የሚባለው ይህ ነው።

ግን ትንበያው ለወታደሩ እንጂ ለሕዝቡ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ቴሌቪዥኑ የሚገባው።

በኦክላሆማ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ደብሊው ኬ ዋይ ቲቪ ነው። ዛሬ ኬፎር የሚባለው ቻናል 4 ማለት ነው። ሥርጭት የጀመረው ጁን 6 ቀን 1949 ነው። በ1952 ሃሪ ቮልክማን የሚባል ወጣት የአየር ሁኔታ አቅራቢ ነበራቸው። የአየር ጠባይ ቢሮው ክልከላውን በ1950 ቢያነሳም በአየር ላይ ቶርኔዶን መጥራት ገና ያስፈራ ነበር። ጣቢያው ከቲንከር የወጣውን የጦር ኃይሉን ማስጠንቀቂያ በእጁ አስገባ። ቮልክማንም ካሜራ ፊት ቆሞ ለሕዝቡ አነበበው። በሕግ እጠየቅ ይሆን የሚል ስጋት ነበረበት። የመጣለት ግን የተመልካች ምስጋና ነው። በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ይህ እንደሆነ ይነገራል።

እንግዲህ ጌሪ ኢንግላንድ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው። የተወለደው በ1939 ሲሆን ያደገው ከዉድዋርድ ብዙም በማትርቀው በሲሊንግ ነው። ዉድዋርድ ስትመታ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በኋላ ቤታቸው ቴሌቪዥን ሲገባ ቮልክማንን አይቶ ለአባቱ «እንደሱ መሆን እፈልጋለሁ» እንዳለ ራሱ ይናገር ነበር። ባሕር ኃይል አገለገለ፣ ከዚያ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ሜትሮሎጂ ተማረ። በ1972 ቻናል 9 ገባ፤ ኬ ደብሊው ቲቪ የሚባለው ጣቢያ ማለት ነው። ይህ ጣቢያ ሥርጭት የጀመረው ዲሴምበር 20 ቀን 1953 ነው። በቀጣዩ ዓመት ያቆመው አንቴና 480 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ በጊዜው ከዓለም አንደኛ ነበር። የጣቢያው ስም ፊደሎች ራሳቸው «የዓለም ረጅሙ» ለማለት ነው የተመረጡት። ከፍ ያለ አንቴና ማለት ደግሞ ሩቅ ያለው ገበሬ ቤት ድረስ መድረስ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ማዕበሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ኢንግላንድ ሥራውን ሲጀምር የነበረው ራዳር ዝናብ የት እንዳለ እንጂ ነፋሱ በውስጡ ምን እየሠራ እንደሆነ አያሳይም። በዚህ አልረካም። ጣቢያውን ወትውቶ በ1981 የነፋሱን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ዶፕለር ራዳር አስገዛ። ለንግድ ቴሌቪዥን ማስጠንቀቂያ የዋለ የመጀመሪያው ዶፕለር ነው። መንግሥት ዶፕለርን በመላ አገሪቱ የዘረጋው በ1990ዎቹ መሆኑን ልብ በይ። አንድ የአካባቢ ጣቢያ መንግሥትን በ10 ዓመት ገደማ ቀደመው። አሁን ስክሪንሽ ጥግ ላይ የምታዪዋ ትንሿ ባለቀለም ካርታም ከዚያው ቤት ከወጡ ሥራዎች አንዷ ናት። ድራማውን ሳታቋርጥ የትኛው ካውንቲ (የግዛቱ አስተዳደር ወረዳ) ማስጠንቀቂያ ላይ እንዳለ ታሳያለች። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች የተለመደች ናት።

ሜይ 3 ቀን 1999 ይህ ሁሉ ዝግጅት ተፈተነ። ወደ ምሽቱ ላይ ከኦክላሆማ ሲቲ ደቡብ ምዕራብ የተነሳ ቶርኔዶ በብሪጅ ክሪክ አድርጎ ሙርን አቋርጦ እስከ ሚድዌስት ሲቲ ሄደ። መሬት ላይ የቆየው 85 ደቂቃ ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ተመራማሪዎች በመኪና ላይ በተጫነ ራዳር የለኩት ነፋስ በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ያን ምሽት ተመልካቹ ቶርኔዶውን ከሄሊኮፕተር በቀጥታ ያየዋል፤ ኢንግላንድ ደግሞ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች እየጠራ ከመሬት በታች ግቡ፣ ይህኛው እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም ይላል። በዚያ ቶርኔዶ ከ8,000 በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ፣ 36 ሰዎችም ሞቱ። ለቤተሰቦቻቸው አንድም ቢሆን ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ነፋስ ሰው በሞላበት ከተማ መሃል በሥራ መውጫ ሰዓት ማለፉን ስታስቢ፣ ዉድዋርድንም ስታስታውሺ፣ ማስጠንቀቂያው ምን እንዳተረፈ ታያለሽ።

ኢንግላንድ በ2013 ዋናውን የትንበያ ወንበር ለተተኪው አስረከበ። ጁን 2025 በ85 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ለቤታችሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሙር ያለችው ክሊቭላንድ ካውንቲ ውስጥ ነው። ይህን ስም ልጆቹም አያትየዋም ይወቁት። ካርታው ላይ የት እንዳለ በጣታቸው ማሳየት ይቻሉ። አቅራቢዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ መንገድ ስም ይወርዳሉ፣ 19ኛ ጎዳናና ሳንታ ፌ እያሉ። የራሳችሁን ሁለት ትልልቅ መንገዶች ካላወቃችሁ የዓለም ምርጥ ትንበያ ምንም አያደርግላችሁም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ሳይረን ይጮኻል። እናቴ ጦርነት መስሏት ታለቅሳለች። ምንድን ነው?

መልስ፦ ሙከራ ነው። የቶርኔዶ ሳይረኖቹ መሥራታቸውን በየሳምንቱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይፈትሻሉ። ሰማዩ የከፋ ቀን ከሆነ ሰው እንዳይምታታበት ሙከራውን ይተዉታል። እናትዎን በእቅፍ ይዘው ይንገሯቸው፤ በሌላ ቀንና ሰዓት ከጮኸ ግን እውነት መሆኑንም አብረው ይንገሯቸው።

ሳይረኑ የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ተኝቶ ለሚያንኮራፋ ሰው ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ስልክዎን አይዝጉ። ከ2012 ጀምሮ ስልክ ላይ የሚመጣ የአደጋ ጥሪ አለ፤ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ አይደለም። ለዚህ ነው በየቤቱ እንግሊዝኛ ለማይሰሙት ወላጆች ማን እንደሚነግር አስቀድሞ መወሰን ያለበት። እናትዎ ቤት ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ የሚገቡበትን ክፍል ዛሬውኑ ያሳዩአቸው። መስኮት የሌለው፣ በታችኛው ወለል ላይ፣ ቤቱ መሃል ያለ ክፍል ይሁን። መታጠቢያ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ይሆናል። ኦክላሆማ ውስጥ ብዙ ቤቶች ቤዝመንት የላቸውም። መሬት ውስጥ የተቀበረ መጠለያ ያለው ጎረቤት ካለ ከወዲሁ መተዋወቅ ነው። ደግሞም የሐበሻ ጎረቤት መጠየቅ ያፍራል። እባክዎ አይፈሩ፣ ሰዎቹ ራሳቸው በር ከፍተው የሚጠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤድመንድ የምኖር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲመጣ አቅራቢው ድምፁ ይቀየራል። ራዳሩ ያልወረደውን ቶርኔዶ እንዴት ያውቃል?

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ፤ ጠቅላላ ነገሩ ያቺ ቀይና አረንጓዴ ናት።

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ዝናብና በረዶ ነክቶ ይመለሳል። የድሮው ራዳር ምን ያህል እንደተመለሰ ብቻ ነበር የሚያየው። ዶፕለር ደግሞ የተመለሰው ሞገድ እንዴት እንደተለወጠ ያያል። አምቡላንስ ወደ አንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎህ ሲሄድ ይወፍራል። ሞገዱም እንደዚያ ነው። ወደ ራዳሩ የሚመጣው ነፋስ አረንጓዴ፣ የሚርቀው ቀይ ሆኖ ይሳላል። አሁን ሁለቱ በአንዲት ትንሽ ቦታ ተጣብቀው ቢመጡስ? አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ከሆነ አየሩ እየተሽከረከረ ነው ማለት ነው። የአቅራቢው ድምፅ የሚቀየረው ያኔ ነው።

ይህ የተረጋገጠው እዚያው አጠገብህ፣ ኖርማን ውስጥ ባለው የብሔራዊ የከባድ ማዕበል ላቦራቶሪ ነው። ሜይ 24 ቀን 1973 ዩኒየን ሲቲን የመታውን ቶርኔዶ በሙከራ ዶፕለር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። በኋላ መረጃውን ሲመረምሩ ሽክርክሪቱ ቶርኔዶው መሬት ሳይነካ በፊት ደመናው ውስጥ ይታያል። በቃ፣ የደቂቃዎች ዕድሜ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ እነዚያን ደቂቃዎች የማራዘም ትግል ነው። በ2013 ሙር ስትመታ ማስጠንቀቂያው የወጣው ቶርኔዶው መሬት ከመንካቱ 16 ደቂቃ በፊት ነበር።

ራዳር ግን ሁሉን አያይም። መሬት ክብ ስለሆነች ጨረሩ እየራቀ ሲሄድ ከመሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ዝቅተኛው ጨረር እንኳ ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ በታች ያለውን የሚያየው ሰው ነው። ጣቢያዎቹ ሄሊኮፕተር የሚያነሱት፣ መኪና ይዘው ማዕበሉን የሚከተሉ ሰዎች የሚያሰማሩት ለዚህ ነው። ሌላም ምልክት አለ። አዳዲሶቹ ራዳሮች በአየር ላይ ያለውን ነገር ቅርጽ ስለሚለዩ ዝናብ ያልሆነ ነገር ሲበር ያውቁታል። ጣሪያ፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ያ ሲታይ አቅራቢው አሁን ቶርኔዶው መሬት ላይ ነው፣ እየሰበረ ነው ይላል። ያን ጊዜ ካርታ እያዩ መቆም አይገባም።

ለምን ኦክላሆማ ብትል ደግሞ፣ ከደቡብ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥብና ሞቃት አየር ይመጣል፣ ከምዕራብ ደረቅ አየር ይመጣል፣ ከላይ ደግሞ በጣም ፈጣን ነፋስ ያልፋል። በጸደይ ሦስቱ እዚያ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከፍታ ሲጨምር ነፋሱ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ስለሚቀይር ወደ ላይ የሚወጣው አየር እየዞረ ይወጣል። ማዕበሉ ራሱ ሲሽከረከር ማለት ነው፤ ከባዶቹ ቶርኔዶዎች የሚወለዱት ከእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። አይ 40 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ኦክላሆማን በወር ብዙ ጊዜ አቋርጣለሁ። ቶርኔዶ ሲባል ነድቼ ላምልጥ ወይስ ልቁም? ድልድይ ሥር መቆም ጥሩ ነው ያሉኝ አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድልድይ ሥር አትቁም። በምንም ተአምር። ሜይ 3 ቀን 1999 ድልድይ ሥር ከተጠለሉት መካከል ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ድልድዩ ሥር ነፋሱ ይጠብና ይጠነክራል፤ የሚበረው ብረትና እንጨት እዚያ ውስጥ ይገባል። የምትይዘው ነገር የለም። በዚያ ላይ መንገዱን ዘግተህ ከኋላህ ያለውንም ታስገድላለህ።

ነድቶ ማምለጥን በተመለከተ አንተ የምትነዳበት መንገድ ራሱ ምስክር ነው። ሜይ 31 ቀን 2013 አይ 40 ዳር ባለችው በኤል ሪኖ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ ስፋቱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። እስካሁን ከተለካው ሁሉ ሰፊው ነው። ሙር ከተመታች ገና 11ኛ ቀኑ ስለነበር ሰዉ ፍርሃቱ አልወጣለትም። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን ላይ በመኪና ወደ ደቡብ ውጡ ብሎ የመከረ አቅራቢ ነበር። ብዙ ሰውም ከቤቱ ወጣ። አውራ ጎዳናዎቹ ተጨናነቁ፣ መኪናው ሁሉ ቆመ፣ ቶርኔዶው ደግሞ አቅጣጫውን እየቀየረ ይመጣል። ቶርኔዶው የገደላቸው 8 ሰዎች በሙሉ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። በዚያው ሌሊት የጎርፍ ውኃ መውረጃ ውስጥ የተጠለሉ ሰዎችን ደግሞ ጎርፉ ወሰዳቸው።

ቴሌቪዥንን እዚህ ላይ በድፍረት መውቀስ ይገባል። ሦስቱ የኦክላሆማ ሲቲ ጣቢያዎች፣ ቻናል 4፣ 5 እና 9፣ ለዓመታት ብርቱ ፉክክር ውስጥ ናቸው። ፉክክሩ ራዳር አስገዝቷል፣ ሄሊኮፕተር አስነስቷል፣ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ለብዙ መቶ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገር ሰው አንዲት የተሳሳተች ምክር ስትወጣው የሚከተለው ይህ ነው። ይፋዊውን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው የመንግሥቱ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው፤ ጣቢያው ያስተላልፋል፣ ያብራራል። ለዚያ ሥራ ደግሞ የተረጋጋ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ለኔ የኢንግላንድ ትልቅነት ከራዳሩ በላይ እዚህ ላይ ነው። መቼ ድምፁን እንደሚያነሳና መቼ ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

ላንተ የሚጠቅምህ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ኖርማን ያለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል ለነገና ለከነገ ወዲያ አደጋ ያለበትን ቦታ በካርታ ያወጣል። ጠዋት ሳትነሳ እሱን እይ። መንገድህ መሃል ላይ ከሆነ ሰዓቱን ቀይር፣ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላና ማምሻውን ነው። ዎች ከተባለ ሁኔታው ተመቻችቷል ማለት ነው፤ ነዳጅህን ሙላ፣ ቀጣዩ ትራክ ስቶፕ የት እንደሆነ እወቅ። ዋርኒንግ ከተባለ ግን ቶርኔዶው ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል። ያለህበትን ካውንቲ ስም ከመንገዱ ምልክት ላይ አንብብ፣ ሬዲዮው የሚጠራው እሱን ነው። የተጠራው ያንተ ከሆነ መኪናውን ትተህ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ግባ፣ መሃል ወዳለው መጸዳጃ ቤት። ጭነቱ ይቅር። ቀጣሪህ ቢቆጣም ይቆጣ።

ጥያቄ፦ አባቴ ድሮ ስቲልዋተር፣ ኦክላሆማ ተምረው ነበር። ጃንሆይ እዚያ ድረስ ሄደዋል ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 1954 ስቲልዋተር ሄደዋል። የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያኔ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ነበር። ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተቋቋመው በዚያ ኮሌጅ እርዳታ ነው። ጃንሆይ የሄዱት ለዚህ ውለታ ነው። ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ሐረርጌ ኖሩ፣ የኛ ልጆች ደግሞ ስቲልዋተር ሄደው ተማሩ። ከላይ ያነሳነው ቻናል 9 ጃንሆይ ሲመጡ ገና 6 ወሩ ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የኛ ቴሌቪዥን ዝቅተኛው ይህን ያህል፣ ከፍተኛው ይህን ያህል ብሎ ያልፋል። ለምን እንደነሱ አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሥራው የተለያየ መሆኑን እንይ። ኦክላሆማ ላይ ሰው የሚገድለው በደቂቃ ይመጣል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የክረምቱ መዘግየት ነው፣ የበልጉ መቅረት ነው። በወራት ነው የሚመጣው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሆኖ አውሮፕላን ሲያገለግል ቆይቶ በ1973 ዓ.ም. ራሱን ሲችል፣ ትልቁ ሸክሙ ይኸው የወቅት ትንበያ ሆነ። በጋ፣ በልግ፣ ክረምት እያለ ከመደበኛ በላይ ነው፣ በታች ነው ብሎ ለገበሬው ይናገራል። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ግን ከዚህ ሁሉ የሚነግረን የከተሞቹን ዲግሪ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ዲግሪውን ሰው ከቤቱ ሲወጣ ያውቀዋል። ዘር መቼ ይዘራ፣ የትኛው ወንዝ ሊሞላ ይችላል የሚለው ነው የሚፈለገው።

በደቂቃ የሚመጣም አለንኮ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ምን ሆነች? ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ሐረርጌ ደጋው ላይ ነው። ድሬዳዋ ተኝታለች። ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ወረደና ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ውኃው ከደጋው እስከ ከተማው ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ያ ጊዜ ነበር ማስጠንቀቂያው። ላይ ያለው ሰው ዝናቡን አይቷል፣ ታች ያለው አልሰማም።

ለዚህ ደግሞ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም፤ ቮልክማን በ1952 የነበረው አንድ ካሜራና አንድ ወረቀት ነው። ለኛ የሚያስፈልገው ደጋው ላይ ዝናብ የሚለካ ሰው፣ ስልክ፣ ሌሊትም የማይተኛ የአካባቢ ሬዲዮ፣ በሶማልኛም በኦሮምኛም በአማርኛም የሚናገር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሮግራሙን አቋርጦ ለመናገር የአለቃ ፊርማ እንዲጠብቅ የማይገደድ ጋዜጠኛ። ድሬዳዋ ውስጥ የምትሠሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ዛሬ ሌሊት ደጋው ላይ ቢዘንብ ማን ደውሎ እንደሚነግራችሁ፣ እናንተስ በስንት ደቂቃ አየር ላይ እንደምትወጡ ጻፉልን፤ መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።